ሁሉም እሾህ አንድ አይደለም

ሰው ለሚወደውና ለሚጠቀምበት ነገር ስም ሲያወጣ አይሰስትም። ፈረስ ወዳዱ ሕዝባችን ፈረስን በመልኩ ዳማ፣ ቦራ፣ መጋላ፣ ሐመር እያለ ይለየዋል። ጤፍ አምራቹ ገበሬም ማኛውን ከሰርገኛው ሳይለይ አይዘራም፤ ገበያ የወጣች እመቤትም ሳትለይ አትገዛም። ለሚጠላው ነገር ግን ስም ይነፍገዋል። እግሩን የወጋውን፣ ልብሱን የቀደደውን፣ ማሳውን የወረረውን ተክል ሁሉ «እሾህ» ብሎ ያልፈዋል። ጥቂት ጠጋ ብሎ የተመለከተው እንደሆነ «ኮሸሽላ» ወይም «ኮሸሽሌ» ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። በመጻሕፍት ቋንቋ «አሜከላ» የሚባል ቃል አለ፤ እርሱም ቢሆን ከተክሉ ይልቅ የመከራ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል።

በእኔ አስተያየት ይህ የስም ንፉግነት ጉዳት አለው። በአንድ ስም የጠራናቸውን ነገሮች በአንድ ዓይን እናያለን፤ በአንድ ዓይን ያየናቸውንም በአንድ ገጀራ እንቆርጣለን። ከእሾሃማ ተክሎች መካከል ግን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኙ አሉ። ሥራቸው የሚታጠን አሉ። አበባቸው ለንብ ቀለብ የሚሆን አሉ። በአንጻሩ ደግሞ ዘራቸው መርዝ የሆነም አሉ። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የምሁራን ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የአገር ልጅ፣ በተለይም የተማሪ ተግባር ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩን በቦታ ለማየት ጌጫን እንውሰድ። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በቴፒ በኩል ወደ ማሻ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ጌጫን ያገኛታል። ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ቴፒ ሞቃት ናት፤ ቡናና ቅመማ ቅመም ይበቅልባታል። ከዚያ ወደ ጌጫ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እንሰቱና ቀርከሃው እየበዛ ይሄዳል። የሸካ ደንም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ አገር፣ ከቆላው ቡና እስከ ደጋው እንሰት ድረስ፣ የመሬቱ ከፍታ በተለወጠ ቁጥር ተክሉም ይለወጣል። በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅለው እሾሃም ተክል በግጦሽ ላይ ከሚበቅለው፣ በግጦሽ ላይ ያለውም በመንገድ ዳር ከሚበቅለው ጋር አንድ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው መንገደኛ ግን ሦስቱንም ኮሸሽላ ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲህ እነዚህ ተክሎች በምን በምን ይለያሉ? መልሱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥትና የሚያይ ዓይን ብቻ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ የቅጠሉን አቀማመጥ መመልከት ያሻል። ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ አበባውም በዘንግ ላይ ተደርድሮ እንደ እሸት የሚቆም ከሆነ፣ ተክሉ ሳይንስ አካንቱስ ብሎ ከሚጠራው ወገን ሊሆን ይችላል። ይህ ወገን ቅጠሉ እሾሃም ስለሆነ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀ እንጂ ዝምድናው ሌላ ነው። የአበባው ቅጠል ወደ አንድ ወገን እንደ ከንፈር ይዘረጋል፤ ፍሬው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ያስፈነጥራል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ጥላ ሥር ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለበት አበባ የሚያብበው ከዚህ ወገን ነው። በደጋ ደኖች ጠርዝና በአጥር ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ የሚያወጣው አካንቱስ ሴኒ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። የጥንት ግሪኮች በቆሮንቶስ ስልት በሠሯቸው አምዶች ራስ ላይ የቀረጹት ቅጠል የዚሁ ወገን ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ነው። እኛ በገጀራ የምንመነጥረውን ቅጠል ሌላው ሕዝብ በድንጋይ ላይ ቀርጾ ለትውልድ አስተላልፎታል።

ሁለተኛው ወገን በአበባው ቅርጽ ይታወቃል። አበባው ክብ ኳስ የመሰለ፣ በሁሉም አቅጣጫ ሾጣጣ ነገር የወጣበት፣ የተጠቀለለ ጃርት የሚያስመስለው ከሆነ ኤኪኖፕስ ይባላል። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ጃርት መሰል ማለት ነው። በአገራችን ከ10 በላይ የዚህ ወገን ዝርያዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ነጣ ያለ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ትልልቅ ቀያይ ኳሶች ያወጣሉ። እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ቀለም ብቻውን አይበቃም። የቅጠሉ አቆራረጥ፣ ቅጠሉ ግንዱን ማቀፉ ወይም አለማቀፉ፣ በአበባው ሥር ያሉት ጠጉሮች ርዝመት፣ የሥሩም ውፍረት አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ከኤኪኖፕስ ወገን ሕዝባችን ነጥሎ ስም የሰጠው አንድ ዝርያ አለ፤ እርሱም ቀበሪቾ ነው። ወፍራም ሥሩ ሽታ ስላለው ከጅማ ገበያ እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ይሸጣል፤ ቤት ይታጠንበታል፤ ሰዎችም ለራስ ምታትና ለሳል ይሻሉ በማለት ጢሱን ይታጠናሉ። በኦሮምኛ ቀረቢቾ ይባላል። የ«በ» እና የ«ረ» ድምፆች ቦታ ተለዋውጠው አንዱ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት መልክ መያዙን ልብ ይሏል። ኢትዮጵያዊው የእጽዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ለዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ሲያወጡለት የሕዝቡን ቃል ወስደው ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ ብለውታል። ይህም ዝርያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይበቅልም። ገበያ ላይ የቆመች አንዲት ባልቴት የምታውቀው ስም እንዲህ ሆኖ በዓለም የእጽዋት መዝገብ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛውና አራተኛው ወገኖች የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ ለመለየት ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራሉ። አንደኛው ካርዱውስ፣ ሌላው ሲርሲዩም ይባላል። ሁለቱም ቅጠላቸው በየተራ ይወጣል፤ ሁለቱም የአበባ ራሳቸው እንደ ትንሽ እንስራ ሆኖ በእሾሃማ ቅርፊት የተከበበ ነው፤ ሁለቱም በአብዛኛው ወይን ጠጅ ወይም ወደዚያ የሚያደላ አበባ አላቸው። ልዩነታቸው የሚገኘው ዘሩን ነፋስ ይዞት እንዲሄድ በሚያግዘው ጠጉር ላይ ነው። አንድ ዘር ከደረቀው አበባ ነቅሎ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ጠጉሩ እንደ ፈረስ ጭራ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ ካርዱውስ ነው፤ ግራና ቀኙ በጥቃቅን ቅርንጫፎች ተሞልቶ የወፍ ላባ የመሰለ እንደሆነ ግን ሲርሲዩም ነው። ከሲርሲዩም ወገን አንዱ ዝርያ ሲርሲዩም ደንደር ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት ዴንማርካዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኢብ ፍሪስ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ቃሉን የወሰዱት በአገራችን ደንደር ወይም ዳንደር ከሚለው የተክል ስም ነው። የዘር ጠጉርን ያህል ጥቃቅን ነገር ሁለት ወገኖችን ሲለይ ስናይ፣ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት እንረዳለን።

ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ መታወቅ ያለበት አንድ መጤ አለ። ቅጠሉ ነጫጭ መስመር ያለው፣ አበባው ብሩህ ቢጫ፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ እሾሃም አረም ነው። ትውልዱ ሜክሲኮና አካባቢዋ ሲሆን፣ ወደ ብዙ የዓለም ክፍሎች ተዛምቶ በአገራችንም ይገኛል። ሳይንሳዊ ስሙ አርጌሞኔ ሜክሲካና ነው። ጥቃቅን ጥቋቁር ዘሩ የሰናፍጭ ዘር ስለሚመስል በቀላሉ ይቀላቀላል፤ መርዙም ሰውነትን ያሳብጣል፣ ልብን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ ከዚህ ዘር በወጣ ዘይት የተበከለ የሰናፍጭ ዘይት ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ኮሸሽላና ይህ አረም ለቸኮለ ዓይን ሁለቱም እሾህ ናቸው። አንዱን ከሌላው መለየት ግን የጤና ጉዳይ ነው።

እስካሁን የተባለው ልዩነት መኖሩን ያስረዳል። ልዩነቱን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከአሜሪካ የሚገኝ ምሳሌ ያሳየናል። ከአውሮፓ የመጣ አንድ የካርዱውስ ዝርያ የሰሜን አሜሪካን ግጦሽ ስለ ወረረ፣ የግብርና ባለሙያዎች የተክሉን ዘር በአበባው ውስጥ እንዳለ የሚበላ ከነቀዝ ወገን የሆነ ተባይ ከአውሮፓ አምጥተው እ.ኤ.አ. በ1968 በካናዳ፣ በ1969 በዩናይትድ ስቴትስ ለቀቁት። ተባዩ የካርዱውስን ዘመድ ሲርሲዩምንም ሊበላ እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ለአገር በቀሎቹ እሾሃማ ተክሎች የሚቆረቆር ብዙ ሰው አልነበረም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ተባዩ ማንንም ከማይጎዱ አገር በቀል የሲርሲዩም ዝርያዎች አበባ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት እንዳስረዳውም የእነዚህን ተክሎች ዘር ክፉኛ ቀንሶታል። የተለቀቀን ነፍሳት ደግሞ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። «ሁሉም እሾህ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ያስከተለው ውጤት ይህ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ተባይ አልተለቀቀም ተብሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ መዶማና ገጀራም ካልተለየ ነገር ላይ ሲያርፉ ያው ናቸው። የቀበሪቾ ተፈላጊው ክፍል ሥሩ ነው፤ ሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ ተክሉ አብሮ ያልቃል። ዝርያዎቹን የማይለይ ቆፋሪ ቀበሪቾ ያልሆነውን ዘመዱን ያላግባብ ይነቅላል፤ ገዢውም ያላሰበውን ሥር ይዞ ይሄዳል። በሌላ በኩል አረም የሚያጠፋ ሰው በአገራችን ብቻ የሚገኘውን ዝርያ ከተራው ለይቶ ካላወቀ፣ ያጠፋው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳይገባው ያልቃል። የሸካ ሰው የሚኮራበት ማርም ከአበባ እንደሚገኝ መርሳት አይገባም፤ ንብ የአካንቱስንም ሆነ የኤኪኖፕስን አበባ ትቀስማለች።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ገበሬው በአረም ወቅት የዘር ጠጉር የሚቆጥርበት ጊዜ የለውም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በበቆሎ ማሳ መካከል የበቀለ እሾህ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ መነቀል አለበት። በቡና ሥር የበቀለውም የለቃሚን እጅ ስለሚወጋ መመንጠሩ ተገቢ ነው። እኔም በማሳ ውስጥ አረም ይጠበቅ አልልም። የምለው ሌላ ነው። ከማሳ ውጭ፣ በደን ጠርዝ፣ በገደል አፋፍ፣ በወንዝ ዳር፣ በአጥር ላይ የበቀለውን፣ ማንንም የማይጎዳውን ተክል እሾህ ስለሆነ ብቻ ለማጥፋት አንቸኩል ማለቴ ነው። ለማጥፋትም ሆነ ለመተው አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው የበረታ ነው። «አገሬው እነዚህን ተክሎች ድሮ ለይቶ ያውቃቸዋል፤ አዲስ ነገር ምን አመጣችሁ?» ሊባል ይችላል። በእርግጥ በደን ውስጥ ያደጉ አዛውንቶች፣ ንብ አናቢዎችና መድኃኒት አዋቂዎች ተማሪው ከማይለየው እጅግ የበለጠ ይለያሉ። በሸክኛ፣ በካፍኛ፣ በቤንችኛ፣ በመዠንግርኛና በኦሮምኛ የሚነገሩትን የእሾህ ስሞች በአማርኛው «ኮሸሽላ» ሥር ጠቅልሎ መቅበር ይህን እውቀት ማባከን ነው። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ የእኔን አሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። እውቀቱ አለ፤ የጎደለው ተቀባዩ ነው። ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረው እውቀት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በጽሑፍ ካልተከተለው በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

ከትልልቅ ምሁራንም የምንማረው ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን እጽዋት መዝግቦ የማሳተሙ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነበር የተጠናቀቀው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ብዙ ተመራማሪዎች ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ደከሙበት። ኮሸሽላንና ደንደርን፣ ኑግንና ሱፍን የመሳሰሉት የሚገኙበትን ሰፊ ቤተሰብ የያዘውን ክፍል የጻፉትም ስለ ቀበሪቾ ስናነሣ የጠቀስናቸው መስፍን ታደሰ ናቸው። በጾም ቀን ፍትፍቱን የምንበላው የአገራችን ሱፍ ራሱ ቅጠሉ የሚወጋ የኮሸሽላ ዘመድ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አባቶቻችን ከእሾሃማው ቤተሰብ መካከል የሚበላውን ለይተው ባያወጡልን ኖሮ ይህ ምግብ ከገበታችን ላይ ባልደረሰ ነበር። የዛሬው ጥያቄም ያው ነው፤ ቀጥሎ ማን ምን ለይቶ ያወጣል?

ስለዚህ በጌጫም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚማር ተማሪ ይህን ሥራ በቀላሉ ሊጀምረው ይችላል። አንድ ደብተር ይያዝ። እሾሃማ ተክል ባገኘ ቁጥር እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ የት በቀለ? በጥላ ሥር ነው ወይስ በገላጣ ስፍራ? ቅጠሉ ፊት ለፊት ነው ወይስ በየተራ? አበባው ኳስ ነው፣ ዘንግ ነው፣ ወይስ እንስራ መሳይ? ሲቆረጥ ምን ዓይነት ፈሳሽ ያወጣል? የዘሩ ጠጉር ቀጥ ያለ ነው ወይስ ላባ መሳይ? በመጨረሻም በአካባቢው ቋንቋ ስሙ ማን ይባላል? መልሱን ከታላላቆቹ ጠይቆ፣ ቃሉን እንደ ሰማው ይጻፈው። ተክሉን ለማየት ሲል ከነሥሩ አይንቀለው፤ ያልታወቀውንም አይቅመስ።

እንዲህ ያለው ልምምድ ለድርሰት ትምህርትም ታላቅ ጥቅም አለው። «በመንገድ ዳር እሾህ በቅሏል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ለአንባቢው ምንም አላሳየም። «በመንገዱ ዳር ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ ቅጠሉ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ፣ በአናቱ ላይ ሰማያዊ ኳስ የተሸከመ ተክል በቅሏል» ብሎ የጻፈው ግን ተክሉን ከነመልኩ በአንባቢው ፊት አቁሞታል። ቋንቋ የሚጠራው ነገርን በመለየት ነው፤ ያላስተዋለ ሰው ቃል ቢደረድርም ገለጻው ደብዛዛ ይሆናል። ጥሩ ተመልካች ያልሆነ ጥሩ ጸሐፊ የለም።

ስኮትላንዳውያን እሾሃማ አበባን የአገራቸው አርማ አድርገው ለዘመናት ይዘውታል፤ ነገር ግን አርማው የትኛው ዝርያ እንደሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ። የተከበረ ተክል እንኳ ሳይለይ ሊኖር ይችላል፤ የተናቀው ሳይለይ ቢቀር አያስገርምም። እኛ ግን የምንጠብቀው አርማ ሳይሆን ደን፣ መድኃኒትና ምግብ ስላለን ክርክሩን በማየት ብንፈታው ይሻለናል። «እሾህን በእሾህ» ይላል ተረታችን። እሾህን በእሾህ ለማውጣት የሚሻ ሰው የወጋውን ከሚያወጣለት አስቀድሞ መለየት አለበት።